ድምፅ ቁጥር የሆነበት መንገድ፦ ከአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ እስከ ኪስ ስልክ

ስልክና ቴሌግራፍ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በአንድ ዘመን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር የሁለቱም መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። ሁለቱም በሽቦ ይሂዱ እንጂ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ነገር አንድ አልነበረም። ስልኩ የተናጋሪውን ድምፅ ተከትሎ ከፍ ዝቅ የሚል የኤሌክትሪክ ጅረት ይልካል። አየሩ ሲጠብቅ ጅረቱ ይጨምራል፣ ሲላላ ይቀንሳል፤ በመካከል ያለው እያንዳንዱ መጠን የድምፁ አካል ነው። ቴሌግራፉ የሚያውቀው ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቁልፉ ተጭኗል ወይም አልተጫነም። የመጀመሪያው ዛሬ አናሎግ፣ ሁለተኛው ዲጂታል ከሚባለው ወገን ነው።

የሁለቱ ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው መንገዱ ሲረዝም ነው። የስልክ ድምፅ በሩቅ ሽቦ ላይ እየደከመ ሲሄድ በየመንገዱ ማጉያ ይገባለታል። ማጉያው ግን ድምፁን ከሽቦው ጫጫታ መለየት አይችልም፤ ሁለቱንም አብሮ ያጎላል። ስለዚህ ጫጫታው በየጣቢያው ይከማቻል። ቴሌግራፍ ተቀባዩ ሰው ግን መወሰን ያለበት ምልክት መጥቷል ወይስ አልመጣም የሚለውን ብቻ ነው። ከወሰነ በኋላ መልእክቱን እንደ አዲስ ሲያስተላልፈው የቀደመው ጫጫታ እዚያው ይቀራል። አናሎግን ወደ ዲጂታል፣ ዲጂታልን ወደ አናሎግ የሚለውጡ መሣሪያዎች፣ ማለትም የመቀየሪያዎች፣ ታሪክ በመሠረቱ ድምፅን በቴሌግራፍ ጠባይ ለማስኬድ የተደረገ የረጅም ጊዜ ጥረት ታሪክ ነው።

ከጂቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለችውን አቃቂን አልፎ እ.ኤ.አ. በ1917 ዋና ከተማዋ ሲገባ አዲስ አበባ ከጂቡቲ ጋር በሐዲድ ተገናኘች። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1921፣ አሜሪካዊው የዌስተርን ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ፖል ሬይኒ ሥዕልን በቴሌግራፍ መስመር ለመላክ የሚያስችል መሣሪያ ነድፎ የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ መብቱም በ1926 ተሰጠው። በመሣሪያው ውስጥ የሥዕሉ የእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃን ወደ ጅረት ይለወጣል። ጅረቱ ጋልቫኖሜትር የሚባለውን ስስ መለኪያ ያዞራል፤ መለኪያው ደግሞ ሌላ የብርሃን ጨረር በ32 የብርሃን ሴሎች ፊት ያንቀሳቅሳል። ጨረሩ የሚያርፍበት ሴል የራሱን ባለ አምስት ምልክት ኮድ ይልካል። አምስት ቦታ ላይ “አለ” ወይም “የለም” በማለት 32 የተለያዩ ቁጥሮች መጻፍ ይቻላልና ሴሎቹም 32 ሆኑ። በሰነድ ከሚታወቁት የአናሎግ-ዲጂታል መቀየሪያዎች የመጀመሪያው ይህ ነው። በጊዜው ግን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

መሐንዲሱ ሃሪ ናይክዊስት እ.ኤ.አ. በ1928፣ ሶቪየታዊው ቭላድሚር ኮተልኒኮቭ በ1933 ያወጧቸው ጽሑፎች “ድምፅ እንዴት ቁጥር ይሁን?” የሚለውን ጥያቄ ሌላ ግማሽ መለሱ። ያለማቋረጥ የሚለዋወጥን ነገር ሁሉንም ቅጽበት ሳይሆን አልፎ አልፎ ብቻ ለክቶ መላክ ይቻላል፤ ምን ያህል ጊዜ መለካት እንዳለበት የሚወስነው በውስጡ ያለው ፈጣኑ ንዝረት ነው። በሰከንድ 4,000 ጊዜ ከሚርገበገብ በላይ የሌለበት ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ናሙና ከተወሰደለት ምንም ሳይጎድልበት መልሶ ሊሠራ ይችላል። ከዚያ ካነሰ ችግሩ መጉደል ብቻ አይደለም፤ ውሸት ይገባበታል። በሰከንድ 8,000 ናሙና እየተወሰደ 5,000 ጊዜ የሚርገበገብ ፉጨት ቢመጣ፣ ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው በ3,000 የሚርገበገብ ሌላ ፉጨት ነው፤ ከእውነተኛው የ3,000 ፉጨት የሚለይበት መንገድም የለም። ስለዚህ ከመቀየሪያው በፊት ፈጣኑን ንዝረት የሚያስቀር ማጣሪያ መቆም አለበት።

በነዚሁ ዓመታት ጣሊያናዊው አንሳልዶ ኩባንያ በአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ ይሠራ ነበር። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1935 ሥራ ሲጀምር ኢትዮጵያ በጎረቤት ቅኝ ገዥዎች ሽቦ ሳታልፍ ከውጭው ዓለም ጋር በቀጥታ የምትነጋገርበት መንገድ አገኘች። የሠራው ኩባንያ የማን አገር መሆኑ ሲታሰብ ነገሩ ምጸት አለበት። ጣቢያው እንደ ስልኩና እንደ ቴሌግራፉ በሁለት ቋንቋ ይናገር ነበር። በአንድ በኩል የሞርስ ቁልፍ ሞገዱን እያበራ እያጠፋ ቴሌግራም ይልካል። በሌላ በኩል ማይክሮፎን ይሰካበትና የሞገዱ ጉልበት የተናጋሪውን ድምፅ ተከትሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ከጣሊያን ጋር ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአሜሪካ አድማጮች ንግግር ያደረጉት በዚሁ ጣቢያ በኩል፣ በአጭር ሞገድ ነው። አጭር ሞገድ ከላይኛው ከባቢ አየር እየነጠረ ሩቅ ይሄዳል፤ ነገር ግን ከሰዓት ወደ ሰዓት ይጠነክራል ይደክማል፣ ከማዕበልና ከመብረቅ የሚመጣውን ጫጫታ ሁሉ ይዞ ይደርሳል። ለሞርስ ይህ ብዙ አያስጨንቅም፤ ጥሩ ጆሮ ያለው ኦፕሬተር በጫጫታ መሐል ነጥብና ሰረዙን ይለያል። ለንግግር ግን ጫጫታው ከድምፁ ጋር አንድ ሆኖ ይመጣል። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ጦርነቱን ከከፈተች በኋላ በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት የውጭ ጋዜጠኞች ዘገባቸውን በቃላት ቁጥር እየከፈሉ የላኩት በቴሌግራም መሆኑ የሚያስገርም አይደለም።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። አቃቂ በወራሪው እጅ በነበረችበት ጊዜ በፓሪስ በአይቲቲ ኩባንያ ላቦራቶሪ የሚሠራው እንግሊዛዊ አሌክ ሪቭስ እነዚህን ሁለት ቋንቋዎች የሚያገናኝ ድልድይ አሰበ። ሐሳቡ የመጣለት እ.ኤ.አ. በ1937 ሲሆን የፈረንሳይ የፈጠራ መብቱ የ1938 ነው። ሪቭስ ያስቸገረው ያው የሩቅ መስመር ጫጫታ ነበር። መፍትሔውም ድምፁን ራሱን ከመላክ ይልቅ የድምፁን ልክ በቁጥር መላክ ነበር።

የሪቭስ መሣሪያ ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ከማይክሮፎኑ የሚመጣውን ቮልቴጅ ይይዛል። ሁለተኛ፣ የተያዘውን ቮልቴጅ ከ32 ደረጃዎች ወደ ቅርቡ ያስጠጋል። ሦስተኛ፣ የደረጃውን ቁጥር በአምስት ምት ይጽፋል። መለኪያው የሚሠራው በመቁጠር ነበር። ናሙናው እንደተያዘ ሌላ ቮልቴጅ ከዜሮ ተነስቶ በእኩል ፍጥነት መውጣት ይጀምራል፤ በዚያው ቅጽበት ቆጣሪ የሰዓት ምቶችን መቁጠር ይጀምራል። የሚወጣው ቮልቴጅ ናሙናው ላይ ሲደርስ ቆጣሪው ይቆማል። ቆጣሪው ያሳየው ቁጥር የናሙናው ልክ ነው። በሌላው ጫፍ ያለው መሣሪያ የተገላቢጦሹን ይሠራል፤ ቁጥሩን ተቀብሎ ቁጥሩ በበዛ መጠን ረዝሞ የሚቆይ ምት ያወጣል፤ ማጣሪያ ደግሞ እነዚህን አጭርና ረጅም ምቶች አለስልሶ ድምፅ ያደርጋቸዋል። ይህ ሁለተኛው የዲጂታል-አናሎግ መቀየሪያ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ለስልክ አይጠቅምም።

ወደ ቅርቡ ደረጃ ማስጠጋት ዋጋ ያስከፍላል። 32 ደረጃ ባለበት ሚዛን ስሕተቱ ከጠቅላላው ስፋት እስከ አንድ ስድሳ አራተኛ ይደርሳል፤ ይህ ስሕተት በጆሮ ሲሰማ እንደ ሹክሹክታ ያለ ጫጫታ ነው። ልዩነቱ ግን ይህን ጫጫታ መሐንዲሱ ራሱ፣ አንድ ጊዜ፣ በሚያውቀው መጠን ያስገባዋል፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ ሺህ ኪሎ ሜትር ቢረዝም አይጨምርም። አንድ ቢት፣ ማለትም አንድ ተጨማሪ “አለ” ወይም “የለም”፣ በተጨመረ ቁጥር ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። ሪቭስ ይህን ሁሉ በትክክል አይቶ ነበር። ያልነበረው ዕቃው ነው። እያንዳንዱ ቆጣሪ በመስታወት ቫልቮች መሠራት ነበረበት፤ ቫልቭ ውድ ነው፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ለአንድ የስልክ መስመር ያን ያህል ቫልቭ የሚያቆም ድርጅት አልነበረም፤ የሪቭስ የፈጠራ መብትም ያለ ጥቅም ዘመኑን ጨረሰ።

ወጪ የማያስጨንቀው ብቸኛው ደንበኛ ጦርነት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 1943 እ.ኤ.አ.፣ ሲግሳሊ የተባለው ምስጢራዊ የስልክ መሣሪያ ዋሽንግተንን ከለንደን አገናኘ። መሣሪያው የንግግሩን ጠባይ በሰከንድ 50 ጊዜ እየለካ በስድስት ደረጃ ይመድባል፤ ከዚያ ቁጥሮቹ ከምስጢር ቁጥሮች ጋር ተደምረው በሬዲዮ ይላካሉ። ድምፅን ማመስጠር እንዲህ የተሳካው ቁጥር ከሆነ በኋላ ነው፤ ቁጥርን መደመርና መቀነስ ይቻላል፣ ሞገድን ግን በእርግጠኝነት ማስመለስ አስቸጋሪ ነው። የአንዱ ጣቢያ መሣሪያ ክብደት ከ50 ቶን በላይ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ነገሩን ለሰላም ጊዜ ስልክ ማሰናዳት ጀመረ። ከ1946 እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ውስጥ ዛሬም ድረስ በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ወጣ። የሪቭስ ቆጣሪ ትልቅ ቁጥር ላይ ለመድረስ ሁሉንም ትናንሽ ቁጥሮች ማለፍ ነበረበት፤ አዲሱ ዘዴ የሚሠራው ግን እህል ነጋዴ ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን እንደሚጠቀመው ነው። መጀመሪያ ትልቁ ድንጋይ ይጫናል፤ ከበደ ከተባለ ይነሳል፣ ካልከበደ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ ግማሹ፣ ከዚያ የግማሹ ግማሽ። የሚለካው ቮልቴጅ 11.3 ቢሆንና መመዘኛዎቹ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ቢሆኑ፣ 8 ይቀመጣል፤ 4 ሲጨመር 12 ይሆንና ይነሳል፤ 2 ሲጨመር 10 ነውና ይቆያል፤ 1 ሲጨመር 11 ነውና ይቆያል። መልሱ 1011 ነው። አራት ጥያቄ ለ16 ደረጃ፣ አሥር ጥያቄ ለ1,024 ደረጃ ይበቃል።

በዚህ ዘዴ ውስጥ በቀላሉ የማይታይ ነገር አለ። መቀየሪያው “8 ሲደመር 2” የሚለውን ቁጥር ከናሙናው ጋር ለማወዳደር ቁጥሩን መጀመሪያ ወደ ቮልቴጅ መለወጥ ይኖርበታል። ስለዚህ በእያንዳንዱ የዚህ ዓይነት አናሎግ-ዲጂታል መቀየሪያ ሆድ ውስጥ አንድ ዲጂታል-አናሎግ መቀየሪያ ተቀምጧል፤ የውጪው ትክክለኛነት ከውስጠኛው አይበልጥም። ውስጠኛውን ለመሥራት ቀላሉ መንገድ ለእያንዳንዱ ቢት አንድ ሬዚስተር (ጅረትን የሚገድብ ዕቃ) መመደብ ነው፤ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ እጥፍ የሆነ። ለ12 ቢት ግን ትልቁ ሬዚስተር የትንሹ 2,048 እጥፍ መሆን አለበት፤ እንዲህ የተራራቁ ሬዚስተሮችን ከሙቀት ጋር እኩል እንዲለወጡ አድርጎ መሥራት ጭንቅ ነው። መሐንዲሶቹ የመረጡት ከሁለት ዓይነት ሬዚስተሮች ብቻ የሚሠራውን መሰላል ነው። የመሰላሉ እርከኖች በአንዱ መጠን፣ ማገናኛዎቹ በግማሹ ይሠራሉ፤ ጅረቱ በየመገናኛው ላይ ሲደርስ ለሁለት እኩል ይከፈላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቀጣይ ቢት የቀደመውን ግማሽ ያገኛል። እዚህ ላይ የሬዚስተሩ ልክ ስንት ነው የሚለው ብዙም አያስጨንቅም፤ የሚያስፈልገው እርስ በርስ መመሳሰላቸው ነው። ተመሳሳይ ነገር ደግሞ በአንድ ቁራጭ ላይ አብሮ ማተም ይቻላል፤ ቺፕ ሲመጣ ይህ መሰላል በቀላሉ የተሸጋገረው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1952 የኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቁሞ የስልክ አገልግሎት ራሱን ቻለ። ስልኩ ግን በሁሉም አገር እንደነበረው አናሎግ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው በርናርድ ጎርደን በኤፕስኮ ኩባንያው ዳትራክ የተባለውን መቀየሪያ ለገበያ አወጣ። በቫልቭ የተሠራ፣ 11 ቢት ያለው፣ በሰከንድ 50,000 ናሙና የሚወስድ ነው። 500 ዋት ይበላ ነበር፤ ክብደቱ 68 ኪሎ ያህል፣ ዋጋውም ከ8,000 ዶላር በላይ። እንዲህም ሆኖ ገዢ አገኘ፤ ኮምፒውተር ከገሃዱ ዓለም ሙቀትን፣ ግፊትንና ንዝረትን የሚቀበልበት ሌላ በር አልነበረውምና።

በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ የተቋቋመው በዚሁ ዘመን፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (1957-58 እ.ኤ.አ.) ነው፤ የመሠረቱትም ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን ናቸው። አናሎግ አቅሙ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ እንደ ርዕደ መሬት መመዝገቢያ የሚያሳይ ነገር የለም። የመለኪያው መስታወት የብርሃን ጨረር በሚዞር ሲሊንደር ላይ በተጠቀለለ የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ ይጥላል፤ ምድር ስትነቃነቅ መስመሩ ይዋዥቃል። በጣም ትንሹ ንቅናቄ ከመስመሩ ውፍረት ካነሰ አይታይም። ትልቁ ደግሞ ከወረቀቱ ጠርዝ ያልፋል፣ ወይም ጨረሩ ከመፍጠኑ የተነሳ ወረቀቱን ሳያጠቁር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1961 በሰሜን ሸዋ ካራ ቆሬ አካባቢ ተነስቶ ማጀቴን ያፈራረሰውን ዓይነት ርዕደ መሬትና ሰው የማይሰማውን ትንሽ ንዝረት በአንድ ወረቀት ላይ አጣምሮ መያዝ አይቻልም ነበር።

በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ቤል ከሪቭስ ሐሳብ ሩብ ክፍለ ዘመን በኋላ የመጀመሪያውን የንግድ ዲጂታል የስልክ መስመር በአሜሪካ ከፈተ። ቫልቩን ትራንዚስተር ተክቶታል። በሁለት ጥንድ መዳብ ሽቦ ላይ 24 ንግግሮች ተራ በተራ ይሄዳሉ፤ ከእያንዳንዱ በሰከንድ 8,000 ናሙና ይወሰዳል። አውሮፓ በኋላ ለራሷ የመረጠችው፣ ኢትዮጵያም የተከተለችው ሥርዓት 32 ተራ አለው፤ 30ው ለንግግር፣ ሁለቱ ለመስመሩ ጉዳይ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 8,000 ናሙና በ8 ቢት 64,000 ቢት በሰከንድ ይሆናል፣ በ32 ሲባዛ 2,048,000።

8 ቢት ማለት 256 ደረጃ ነው፤ ለሰው ድምፅ በእኩል ቢከፋፈል አይበቃም። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ያንሾካሹካል፤ እኩል ደረጃ ላይ የሹክሹክታው ሰው ጥቂት ደረጃዎች ብቻ ይደርሱትና ድምፁ ይሻክራል። ስለዚህ ደረጃዎቹ ከዜሮ አጠገብ ጠባብ፣ ከዜሮ እየራቁ ሲሄዱ ሰፊ ተደረጉ። ጆሮ ከፍ ባለ ድምፅ ላይ ትንሽ ስሕተትን አይለይም፤ ዝም ባለ ድምፅ ላይ ግን ይለያል። ለአውሮፓ የተመረጠው አከፋፈል ኤ-ሎው ይባላል፤ በ8 ቢት ብቻ ለደካማው ድምፅ የ12 ቢት ያህል ጥራት ያስገኛል። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ብዙ ብልሃት በትንሽ ወጪ የተገኘበት ይህ ይመስላል።

ብሮድካስቱ ግን ገና ወደዚህ አልመጣም ነበር። የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመረቀው የብስራተ ወንጌል ሬዲዮና ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከማይክሮፎን እስከ አንቴና ድረስ አናሎግ ነበሩ። ድምፁ የሚቀዳበት የቴፕ ማግኔት እንኳ የድምፁን መጠን ተከትሎ የሚጠነክርና የሚደክም ነው፤ ከቴፕ ወደ ቴፕ ሲገለበጥ ጫጫታው ይጨምራል።

በኢትዮጵያ ዲጂታል የስልክ ማዞሪያዎች መተከል የጀመሩት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ማዞሪያ ደዋዩንና ተደዋዩን የሚያገናኘው በብረት ንክኪ ነበር፤ ንግግሩ እስኪያልቅ ድረስ ሽቦ ከሽቦ ተያይዞ ይቆያል። ዲጂታሉ ሲመጣ ከአቃቂ ወይም ከጎረቤቷ ቃሊቲ ቤት የሚወጣው ድምፅ እስከ ማዞሪያው ድረስ እንደ ድሮው በሁለት የመዳብ ሽቦ፣ በአናሎግ ይሄዳል። ማዞሪያው በር ላይ ግን ለእያንዳንዱ ደንበኛ መስመር አንድ የመቀየሪያ ጥንድ አለ፤ አንዱ የሚናገረውን ወደ ቁጥር፣ ሌላው የሚመጣለትን ቁጥር ወደ ድምፅ ይለውጣል። ማገናኘት ማለት ከዚያ በኋላ የአንዱን ተራ ቁጥሮች በሌላው ተራ ላይ መገልበጥ ብቻ ሆነ። ሙሉ ክፍል የሚሞላ ቫልቭ ይጠይቅ የነበረው የሪቭስ ሕልም አሁን በጣት ጥፍር ልክ ቺፕ ላይ ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ሲገባ ለብዙው ተጠቃሚ የመጣው በዚሁ የስልክ ሽቦ ነው፤ ሁኔታውም ለመቀየሪያ ታሪክ ልዩ ትምህርት አለው። ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ሞደሙ ቁጥሩን ወደ ድምፅ ይለውጠዋል፤ ያ ደጋግሞ ይሰማ የነበረው ጩኸትና ፉጨት እሱ ነው። ማዞሪያው ድምፁን መልሶ በ256 ደረጃ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፣ ሩቁ ማዞሪያ እንደገና ወደ ድምፅ፣ ሩቁ ሞደም እንደገና ወደ ቁጥር። በዚህ ምልልስ ፍጥነቱን የሚገድበው የማዞሪያው የማስጠጋት ስሕተት ነበር፤ በሰከንድ 33,600 ቢት ላይ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደረጃው የወጣለት የ56,000 ቢት ሞደም ምስጢሩ አገልግሎት ሰጪውን በቀጥታ በዲጂታል ከማዞሪያው ጋር ማገናኘት ነው፤ ወደ ቤት በሚወርደው አቅጣጫ ላይ አናሎግን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ማዞሪያ ስለሌለ የማስጠጋቱ ስሕተት አይገባም። አንድ መቀየሪያ ማስቀረት ፍጥነቱን ከግማሽ በላይ ጨመረ።

እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው የሞባይል አገልግሎት መቀየሪያውን ከማዞሪያው በር አንስቶ በደንበኛው እጅ ላይ አስቀመጠው። ተራው ጂኤስኤም ስልክ ድምፁን በሰከንድ 8,000 ጊዜ፣ በ13 ቢት ይለካል። በየ20 ሚሊሰከንዱ 160 ናሙና፣ ማለትም 2,080 ቢት ይጠራቀማል፤ ስልኩ ይህን ተንትኖ በ260 ቢት ብቻ ይልከዋል። ከስልኩ የሚወጣው ናሙናው ራሱ አይደለም፤ ጉሮሮና አፍ ድምፁን እንዴት እንደፈጠሩት የሚገልጽ አጭር መግለጫ ነው፤ ሲግሳሊ በ50 ቶን ያደረገው ማለት ነው። የአቃቂና የቃሊቲ መደበኛ ስልኮች ቁጥር በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ አሥር አሃዝ ሲያድግና 011 434 እና 011 439 በሚሉ መነሻዎች ሲደራጅ፣ አብዛኛው አዲስ ደንበኛ ቀድሞውኑ ወደ ሞባይሉ እየሄደ ነበር።

በዚህ ትንሽ ስልክ ውስጥ ያለው መቀየሪያ በአብዛኛው የሪቭስም የቤልም ዓይነት አይደለም። ዴልታ-ሲግማ ይባላል፤ ስሙንና ቅርጹን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1962 ከጃፓናውያኑ ኢኖሴና ያሱዳ ነው። ይህ መቀየሪያ በአንድ ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እስካሁን የተላከው ከገባው ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ካነሰ 1፣ ከበለጠ 0 ይልካል፤ ስሕተቱንም ይዞ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይሻገራል። ይህን በሰከንድ ሚሊዮኖች ጊዜ ያደርገዋል። እያንዳንዱ መልስ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የብዙዎቹ አማካይ ግን ቮልቴጁን በጣም ጠልቆ ይገልጻል። ከዚህም የሚበልጥ ጥቅም አለው፤ ስሕተቱ እየተሸጋገረ በመታረሙ የማስጠጋቱ ጫጫታ ወደ ላይኛው፣ ጆሮ ወደማይደርስበት ንዝረት ይገፋል፤ እዚያ ደግሞ ዲጂታል ማጣሪያ ይጥለዋል። ሬዚስተሮችን አንድ በአንድ ማመሳሰል አያስፈልግም፤ ትክክለኛነት በፍጥነት ተገዛ። ፍጥነት ደግሞ በቺፕ ላይ ርካሽ ነው።

የተገላቢጦሹ መንገድ በየቤቱ ሞልቷል። ከዲሽ ላይ ቁጥር ተቀብሎ በቀይ፣ በነጭና በቢጫ ገመድ ወደ አሮጌ ቴሌቪዥን ሥዕልና ድምፅ የሚልክ ሪሲቨር በውስጡ ሦስት ዲጂታል-አናሎግ መቀየሪያ ይዟል፤ አንዱ ለሥዕል፣ ሁለቱ ለድምፅ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ወደ ቃሊቲ የሚወስደውን መስመር ሲጀምር ደግሞ የሪቭስ አጭርና ረጅም ምት በሌላ መልክ መጣ። ከላይ ካለው ሽቦ የሚወርደው 750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው፤ ሞተሩ ግን የሚፈልገው ከፍ ዝቅ የሚል ጅረት ነው። በባቡሩ ላይ ያለው ኢንቨርተር 750ውን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይቆራርጠዋል፤ ምቱ ሲረዝም ሞተሩ ብዙ፣ ሲያጥር ጥቂት ያገኛል። የሞተሩ ጥቅልል ራሱ ማጣሪያ ሆኖ ያለሰልሰዋል። ሲነሳ የሚሰማው የፉጨት ድምፅ ከዚህ መቆራረጥ የሚመጣ ነው።

ከሁሉም ጥልቅ የሆነው መቀየሪያ የሚገኘው ከአቃቂ ቃሊቲ በስተምዕራብ በሚታየው ፉሪ ተራራ ላይ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የዓለም አቀፉ የርዕደ መሬት መረብ ጣቢያ በዚያ ተተከለ። የምድርን ንቅናቄ የሚመዘግበው በ24 ቢት፣ ማለትም በ16,777,216 ደረጃ ነው። የፎቶግራፉ ወረቀት ያልቻለውን፣ ሩቅ ውቅያኖስ የባሕር ዳርቻን ሲመታ የሚፈጥረውን ንዝረትና ጠንካራ ርዕደ መሬትን፣ አንድ መሣሪያ ይይዛቸዋል። በፈንታሌና በዶፋን ተራሮች ዙሪያ በ2017 ዓ.ም. ተደጋግሞ ምድር ስትነቃነቅና የካቲት 7 በሬክተር 6.0 የደረሰው ሲመጣ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ ያሉ ሰዎች ንዝረቱ ተሰምቷቸዋል፤ እንዲህ ያለው ቀን የመለኪያው ስፋት የሚጠቅምበት ነው።

የሚያስቸግረው ከታች ያለው ጫፍ ነው። በማንኛውም ሬዚስተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች በሙቀት ምክንያት ይንቀጠቀጣሉ፤ ይህ መንቀጥቀጥ ራሱ ቮልቴጅ ነው፤ መቀየሪያው ከሚለካው ነገር አይለየውም። በተግባር ከ24ቱ ቢቶች ከ20 እስከ 22 የሚሆኑት የምድርን ንቅናቄ ይቆጥራሉ። የቀሩት የሚቆጥሩት የራሱን የመሣሪያውን ሙቀት ነው።